ዘበኛው ሲማረክ፦ ኤች አይ ቪ የመከላከያ ሕዋሳችንን እንዴት ይለውጠዋል?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ቀርቦ ለንባብ የተስተካከለ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

ዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው የጤና ርዕስ ነው። «ኢማም ስለ ቫይረስ ምን አገባው?» የሚል አድማጭ ሊኖር ይችላል። ያገባንበትን ምክንያት በአንድ ታሪክ እንጀምር። ባለታሪኩ ስሙ እንዳይነሳ አደራ ብሎናል፤ ታሪኩ ግን ለሌላው ትምህርት እንዲሆን ፈቅዶልናል።

ይህ ወንድማችን የካ ሚካኤል አካባቢ ይኖራል። ቫይረሱ በደሙ ውስጥ መኖሩን ካወቀ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዷል። አንድ ዓመት ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከዐስር ሶላት በኋላ ጠጋ ብሎ፣ «ሸኽ፣ ሐኪሞቹ ቫይረሱ በምርመራ አይታይም ብለውኛል። አልሐምዱሊላህ፣ ድኛለሁ መሰለኝ። ዘንድሮ እንደ ሰው ልጹም?» ሲል ጠየቀን። እኛም ደስ ብሎን «ጤነኛ ከሆንክ ጹም፣ አላህ ይቀበልህ» አልነው። መድኃኒቱን ምን እንደሚያደርገው አልጠየቅነውም። እሱም አልነገረንም።

ለካስ መድኃኒቱን አቁሞ ኖሯል። ዒድ ካለፈ በኋላም ሰውነቱ ደህና ስለነበር አልመለሰውም። በሰባተኛው ወር ባለቤቱ እያለቀሰች መጣች። ሌሊት ላብ ያጠምቀዋል፣ ያስለዋል፣ ከስቷል። ሐኪም ቤት ሲወሰድ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ተገኘ። አላህ (ሱ.ወ) ረድቶት ዛሬ ሁለቱንም ሕክምና ተከታትሎ ተነስቷል። ሲሻለው ግን አንድ ጥያቄ አቀረበልን፦ «ሸኽ፣ መሣሪያው አይታይም ብሎ አልነበረም ወይ? ታዲያ የት ተደብቆ ቆይቶ ነው የተመለሰብኝ?»

መልስ አልነበረንም። ያኔ ሳንጠይቅ የመለስነው መልስም እስከ ዛሬ ይቆጨናል። ስለዚህ ሐኪሞችን ጠየቅን፣ መጻሕፍትም አገላበጥን። የዛሬው ትምህርታችን ለዚያ ወንድም ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

የሰውነት ዘበኛ

አላህ (ሱ.ወ) በደማችን ውስጥ ልዩ ልዩ ነጭ የደም ሕዋሳትን አኑሯል። ከእነርሱ መካከል ሲዲ ፎር የሚባለው ሕዋስ እንደ ዘበኞች አለቃ ነው። ጠላት ሲገባ ሌሎቹን ቀስቅሶ የሚያሰማራ እርሱ ነው። የተበከለ ሕዋስ የሚገድሉትን፣ ፀረ-ተሕዋስ ፕሮቲን የሚያመርቱትን፣ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያን ከብበው የሚያስሩትን ሁሉ የሚያስተባብር እርሱ ነው። በጤነኛ ሰው ደም፣ በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 እስከ 1500 የሚሆኑ ሲዲ ፎር ሕዋሳት ይገኛሉ። ቁጥሩ ከ200 በታች ሲወርድ ሰውየው ኤድስ ደረጃ ላይ ደርሷል ይባላል።

ኤች አይ ቪ ከሌሎች ቫይረሶች የከፋ ያደረገው ይህን አለቃ ራሱን መምረጡ ነው። ሌባ ግቢ ሲገባ ዘበኛውን ይሸሻል። ይህኛው ግን በቀጥታ ወደ ዘበኛው ይሄዳል።

ጥቂት ፊደል፣ ጥቂት ሠራተኛ

ቫይረሱን እ.ኤ.አ. በ1983 በፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት ያገኙት ፍራንስዋዝ ባሬ ሲኑሲ እና ሉክ ሞንታኜ ናቸው። ለዚህም በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። የሰው ልጅ የዘር ጽሑፍ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደላት ሲኖሩት የኤች አይ ቪ ግን 10 ሺህ እንኳ አይሞሉም። ያሉት ዘረ-መሎች 9 ብቻ ሲሆኑ ከእነርሱ 15 የሚሆኑ ፕሮቲኖች ይወጣሉ። ፕሮቲን ማለት በሕዋስ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ሠራተኛ ነው። እነዚህ ጥቂት ሠራተኞች ትልቁን ሕዋስ እንዴት አድርገው እንደሚለውጡት በየተራ እንይ።

የመጀመሪያው በር ከፋች ነው። በቫይረሱ ገጽ ላይ ጂፒ 120 የሚባል ፕሮቲን አለ። ይህ ፕሮቲን በሕዋሱ ገጽ ላይ ያለውን ሲዲ ፎር ይይዛል፤ ቀጥሎም ሲሲአር 5 የሚባል ሁለተኛ መያዣ ይፈልጋል። ሁለቱን ሲጨብጥ በሩ ይከፈትለታል። አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሮ ሲሲአር 5 የላቸውም። ቲሞቲ ሬይ ብራውን የተባለ በበርሊን ይታከም የነበረ የደም ካንሰር ሕመምተኛ እ.ኤ.አ. በ2007 ከእንዲህ ዓይነት ሰው የመቅኔ ሕዋስ ተሰጥቶት ከኤች አይ ቪ ነጻ ሆኗል። ነገር ግን ይህ ሕክምና ራሱ ሊገድል የሚችል ከባድ ሕክምና ስለሆነ ካንሰር ለሌለበት ሰው አይሰጥም።

ሁለተኛው ገልባጭ ነው። የቫይረሱ ጽሑፍ አር ኤን ኤ ሲሆን የእኛ ደግሞ ዲ ኤን ኤ ነው። ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ የሚባለው ፕሮቲን ያንን ወደ ዲ ኤን ኤ ይገለብጠዋል። ይህ ገልባጭ ጥንቃቄ የለውም፤ ሲገለብጥ ደጋግሞ ይሳሳታል። ከስሕተቱም አዳዲስ ዓይነት ቫይረሶች ይወለዳሉ። መድኃኒት አንድ ቀን እየወሰዱ አንድ ቀን የሚተዉ ሰዎች መድኃኒቱን የሚቋቋም ቫይረስ የሚያፈሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ሰፊ ነው። ኢንቴግሬዝ የሚባለው ፕሮቲን የሕዋሱን ዲ ኤን ኤ ቆርጦ የቫይረሱን ጽሑፍ በመካከሉ ይሰፋዋል። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። ከዚህ በኋላ ቫይረሱ በሕዋሱ ቤት ያደረ እንግዳ ከመሆን አልፏል፤ የሕዋሱ የራሱ ጽሑፍ አካል ሆኗል። ሕዋሱ ለሁለት ሲከፈልም የቫይረሱ ጽሑፍ አብሮ ይባዛል።

ዘበኛው ሲለወጥ

የተሰፋው ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ በዝግታ ነው የሚነበበው። የሕዋሱ አንባቢ መሣሪያ ጥቂት ፊደል አንብቦ ይቆማል። ታት የሚባል ትንሽ የቫይረሱ ፕሮቲን ሲወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ታት የሕዋሱን የራሱን ረዳት ፕሮቲኖች ጎትቶ አምጥቶ አንባቢው ሳይቆም እስከ መጨረሻው እንዲያነብ ያደርገዋል። የተነበበው ደግሞ ተጨማሪ ታት ያወጣል። እሳት እንደ ተያያዘ ማገዶ ማለት ነው። ሕዋሱ የራሱን ሥራ ትቶ የቫይረስ ፋብሪካ ይሆናል።

ሕዋሱ ግን ዝም ብሎ አይማረክም። አላህ የሰጠው መከላከያ አለው። ቫይረሱም ለእያንዳንዱ መከላከያ አንድ አንድ ፕሮቲን መድቧል።

ሕዋሱ የቫይረሱን ጽሑፍ የሚያበላሽ ፕሮቲን አለው፤ ቪፍ የሚባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ያንን ያስወግደዋል። ሕዋሱ አዲስ የሚወጡትን ቫይረሶች በግድግዳው ላይ አስሮ የሚያስቀር ፕሮቲን አለው፤ ቪፒዩ የሚባለው ገመዱን ያስለቅቃል። ሕዋሱ ሲበከል «ተይዣለሁ፣ ግደሉኝ» የሚል ምልክት በገጹ ላይ ይሰቅላል፤ ነፍ የሚባለው ምልክቱን ከገጹ ያወርደዋል። በዚህ ምክንያት ገዳዮቹ ነጭ የደም ሕዋሳት ወንድማቸው መማረኩን ሳያውቁ አጠገቡ ያልፋሉ።

በመጨረሻም ፕሮቲዬዝ የሚባለው መቀስ ረዣዥም ሆነው የወጡትን ፕሮቲኖች በልኩ እየቆረጠ አዲሱን ቫይረስ ለወረራ ያዘጋጀዋል። ሕክምና ባልጀመረ ሰው አካል ውስጥ በቀን 10 ቢሊዮን ያህል ቫይረሶች እንደሚመረቱ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት አስልቷል። ፋብሪካ የሆነው ሕዋስ ራሱ ሁለት ቀን ያህል ቆይቶ ይሞታል። ከዚህም ሌላ ቫይረሱ ገብቶ ሥራውን ያልጨረሰባቸው ብዙ ሕዋሳት ብክለቱን ተረድተው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ዘበኞቹ የሚያልቁት በእነዚህ መንገዶች ነው።

የባሕር ዛፉ ጉቶ

አሁን ወደ ወንድማችን ጥያቄ እንመለስ። የት ተደብቆ ነበር?

የእንጦጦን ጋራ የምታውቁ ሁሉ ባሕር ዛፍን ታውቃላችሁ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ከሥሩ ቢቆረጥም ጋራው ለጊዜው የተራቆተ ይመስላል እንጂ ጉቶው አልሞተም። ዝናብ ሲያገኝ ያቆጠቁጣል፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶም እንደገና ለአጠና ይደርሳል።

ከሲዲ ፎር ሕዋሳት መካከል ጠላትን አንዴ ካዩ በኋላ ለወደፊቱ ሊያስታውሱት አርፈው የሚቀመጡ አሉ። ለዓመታት ይቆያሉ። ቫይረሱ ጽሑፉን ሰፍቶባቸው ሕዋሱ ካረፈ ታት አይመረትም፣ ቫይረስም አይወጣም። በምርመራ የሚቆጠረው በደም ፈሳሽ ውስጥ የሚዘዋወረው ቫይረስ ነው። «አይታይም» ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 በታች ነው ማለት ነው። ተኝቶ ያለው ጽሑፍ ግን በዚህ ምርመራ አይቆጠርም። ተመራማሪዎች እንዳገኙት ካረፉት ሕዋሳት ከአንድ ሚሊዮን አንዱ ያህል ሊነቃ የሚችል ቫይረስ ይዟል። ቁጥሩ በግማሽ ለመቀነስ 44 ወር ያህል ይፈጅበታል። በዚህ ፍጥነት በመድኃኒት ብቻ ሙሉ በሙሉ ይለቅ ቢባል ከ60 ዓመት በላይ ያስፈልጋል።

ዛሬ በአገራችን በስፋት የሚሰጠው እንክብል ሦስት መድኃኒቶችን በአንድ ፍሬ የያዘ ነው። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ገልባጩን ያሰናክላሉ፤ ዶሉቴግራቪር ደግሞ ሰፊውን እጁን ይይዘዋል። ስለዚህ አዲስ ሕዋስ አይማረክም፣ ዘበኞቹም ተመልሰው ይበዛሉ። የተሰፋውን ግን አይፈታውም። መድኃኒቱ ሲቋረጥ አንዱ የተኛ ሕዋስ ሲነቃ ቫይረሱ ይወጣል፤ የሚያግደውም የለም። አብዛኛው ሰው ካቆመ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቫይረሱ ተመልሶ በደሙ ይታያል። ሰውየው ራሱ ግን ለወራት ምንም ላይሰማው ይችላል። ወንድማችንን ያታለለው ይህ ዝምታ ነው።

በአገራችን የታየው

በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች በጋራ አዲስ አበባ ላይ ባቋቋሙት ፕሮጀክት በአቃቂና በወንጂ የሚገኙ ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታትለዋል። ካገኟቸው ነገሮች አንዱ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን እንኳ በአማካይ የሲዲ ፎር ቁጥራቸው ከኔዘርላንድስ ሰዎች ያነሰ፣ ሕዋሶቻቸውም ይበልጥ የነቁ መሆናቸው ነው። በ1990ዎቹ ወደ እስራኤል በገቡ ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገ ጥናትም ተመሳሳይ መንቃት አሳይቶ ከምክንያቶቹ አንዱ የሆድ ትላትል መሆኑን ጠቁሟል። ይህ ለምን ያሳስበናል? የነቃ ሕዋስ ለቫይረሱ ለም መሬት ስለሆነ ነው። ልጆቻችን እጃቸውን እንዲታጠቡ፣ ውኃው ንጹሕ እንዲሆን፣ የትላትል መድኃኒት በጊዜው እንዲሰጥ ስንል ዘበኛውንም እያገዝን ነው።

ሌላም ነገር አለ። ኤፕስታይን-ባር የሚባል ቫይረስ በዓለም ላይ ከአሥር አዋቂዎች በዘጠኙ ውስጥ ይኖራል። የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን የተገኘበትም ዴኒስ በርኪት የተባለ ሐኪም በኡጋንዳ ሕፃናት መንጋጋ ላይ አይቶ በጻፈለት ዕጢ ውስጥ ነው። ይህ ቫይረስ የሚይዘው ቢ የሚባለውን የመከላከያ ሕዋስ ነው። ኤልኤምፒ 1 የሚባለው ፕሮቲኑ በሕዋሱ ግድግዳ ላይ ተተክሎ ሳያቋርጥ «ተባዛ» የሚል ትእዛዝ ይሰጣል። ኢቢኤንኤ 2 የሚባለውም ለመባዛት የሚያስፈልጉትን ዘረ-መሎች ይከፍታል። በቤተ ሙከራ እንደታየው በዚህ መንገድ የተለወጠ ሕዋስ ማለቂያ በሌለው ሁኔታ ይባዛል። በጤነኛ ሰው ውስጥ ዘበኞቹ እንዲህ ያለውን ሕዋስ እየለቀሙ ያጠፉታል። ኤች አይ ቪ ዘበኞቹን ሲጨርስ ግን ልጓሙ ይላላል፤ የሊምፍ ካንሰርም ይበዛል። የአንዱ ቫይረስ መድኃኒት ሲቋረጥ የሌላው ቫይረስ በር ይከፈታል ማለት ነው።

ዱዓእና መድኃኒት

በአገራችን መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. በ2005) ነው። በዚያን ዘመን ከሰፈራችን በላይ በእንጦጦ ማርያም ጸበል ዙሪያ ከየክፍለ አገሩ የመጡ ብዙ ሕሙማን ተሰባስበው ይኖሩ ነበር፤ መድኃኒቱን መውሰድ የእምነት ማነስ የመሰላቸውም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። የጎረቤቶቻችን ፈተና የእኛም ፈተና ነው። ሩቃ አስቀርቶ፣ ዘምዘም ጠጥቶ መድኃኒቱን የተወ ሙስሊም አጋጥሞናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን ማዘዛቸውን፣ ለበሽታ ሁሉ አላህ መድኃኒት ማውረዱን ማስተማራቸውን ሁላችን እናውቃለን። ዱዓእ ይደረግ፣ ቁርኣን ይቀራ፣ እንክብሉም በሰዓቱ ይዋጥ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

የረመዳንን ነገር በግልጽ እንናገር። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደው እንክብል ከኢፍጣር በኋላ ወይም በሱሑር ሊወሰድ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መጾም ይችላል። ነገር ግን ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን አማክሮ ሰዓቱን ያስተካክል። ሐኪሙ ጾም ይጎዳሃል ካለው ወይም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጭምር ቀን ላይ የሚወስድ ከሆነ፣ ሸሪዓችን ለታመመ ሰው የሰጠው ፈቃድ አለ። አላህ የሰጠውን ፈቃድ መቀበል ማነስ አይደለም። የብረት ወይም የካልሲየም እንክብል፣ የጨጓራ መድኃኒት፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ይንገር፤ አንዳንዶቹ የዶሉቴግራቪርን ኃይል ይቀንሳሉና።

ለቤተሰብም አንድ ቃል አለን። ቫይረሱ በምርመራ የማይታይና መድኃኒቱን የማያቋርጥ ሰው ለትዳር ጓደኛው በግንኙነት እንደማያስተላልፍ በአውሮፓ በብዙ ጥንዶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አረጋግጧል። እናት ሕክምና ካላገኘች ከመቶ ልጆች ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት በእርግዝና፣ በምጥ ወይም በጡት ይያዛሉ፤ ሕክምናዋን ከተከታተለች ግን ከ5 በታች ይወርዳል። ስለዚህ ከኒካሕ በፊት ተመርመሩ፤ እርጉዞችም ተመርመሩ። አብሮ መብላት፣ አብሮ መስገድ፣ መጨባበጥ ቫይረሱን አያስተላልፍም። መድኃኒቱን ተደብቆ መዋጥ ያለበት ሰው ደግሞ አንድ ቀን መዝለሉ አይቀርም። ባል ለሚስት፣ ሚስት ለባል፣ ልጅ ለእናቱ «ወሰድክ? ወሰድሽ?» ብሎ የሚያስታውስበት ቤት ይሁንልን።

እኛ ኢማሞችም ከእንግዲህ አንድ ጥያቄ እንጨምር። ሰው መጥቶ «ድኛለሁ፣ ልጹም?» ሲለን «አላህ ይቀበልህ» ከማለታችን በፊት «መድኃኒትህን በስንት ሰዓት ትወስዳለህ?» እንበለው። እኛ ይህን አንድ ጥያቄ ባለመጠየቃችን አንድ ቤት ለወራት ተጨንቋል።

ያ ወንድማችን ዛሬ ከኢፍጣር በኋላ ቴምሩን በልቶ፣ መግሪብ ሰግዶ፣ እንክብሉን ይውጣል። ውኃውን የምታቀርብለት ትንሿ ልጁ ናት። አላህ ለእርሱም ለታመሙት ሁሉ አፊያ ይስጥልን። ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።